ለኪስ የሚስማማ ቴሌቪዥን፦ ካርቶኑን እናንብብ ወይስ ስክሪኑን እንይ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ ለረጅም ዓመታት ያገለገለን ወፍራሙ ቴሌቪዥናችን በቅርቡ ጨርሶ በመጥፋቱ በምትኩ ጠፍጣፋ ለመግዛት ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቻለሁ። ባለኝ ገንዘብ ሁለት ምርጫ ቀርቦልኛል። አንደኛው ስሙን ሰምቼ የማላውቀው አምራች የሠራው ባለ 55 ኢንች ሲሆን ካርቶኑ ላይ ፎር ኬ፣ ኪው ኤልኢዲ፣ ኤችዲአር፣ ስማርት የሚሉ ጽሑፎች ተደርድረውበታል። ሁለተኛው በሰፊው የሚታወቅ አምራች ባለፈው ዓመት ያወጣው ባለ 50 ኢንች ነው። ዋጋቸው እኩል ነው። ከሶፋው እስከ ቡፌው 2 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አማቼ «ትልቁን ካልወሰድክ ትጸጸታለህ» ይለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ በእኛ አስተያየት ባለ 50 ኢንቹ ይሻልዎታል፤ ሆኖም ሁለቱንም በርተው ሳያዩ አይወስኑ። በተወሰነ ገንዘብ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ከገዛሁት በኋላ ልለውጠው የማልችለው ነገር የቱ ነው?» ብሎ ነው። ድምፁ ደካማ ቢሆን ስፒከር ይጨመርለታል፤ ከኢንተርኔት ጋር ባይሠራ ትንሽ መሣሪያ ይሰካለታል፤ ሪሲቨርም ለብቻው ይገዛል። ስክሪኑ ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይኖራል። ስለዚህ ገንዘብዎ መዋል ያለበት ስክሪኑ ላይ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያነበቧቸው ጽሑፎች ደግሞ ስለ ስክሪኑ ጥራት የሚነግሩን ከሚመስለን እጅግ ያነሰ ነው።

መጠኑን በተመለከተ አማችዎ ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለት አንችልም። ስክሪን የሚለካው ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ሲሆን 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። የመቀመጫውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ለክተው ለ2 ቢያካፍሉት ትንሹን፣ ለ1.6 ቢያካፍሉት ደግሞ ትልቁን የሰያፍ ርዝመት ያገኛሉ። የእርስዎ 230 ሴንቲ ሜትር በዚህ ስሌት ከ45 እስከ 56 ኢንች ይፈቅዳል፤ ሁለቱም ምርጫዎችዎ በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ቤተሰቡ በብዛት ፊልም የሚያይ ከሆነ ትልቁ ደስ ይላል። በብዛት የሚያዩት ጥራቱ ዝቅ ያለ ስርጭት ከሆነ ግን ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር የምስሉ ጉድለትም አብሮ ይጎላል።

ከመግዛትዎ በፊት ቡፌዎን በሜትር ይለኩት። ባለ 50 ኢንች ቴሌቪዥን ወደ ጎን 111፣ ባለ 55 ኢንቹ ደግሞ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል፤ የብዙዎቹ እግሮችም መሐል ላይ ሳይሆኑ ወደ ሁለቱ ጫፎች ተጠግተው የሚገጠሙ ናቸው። 1 ሜትር ስፋት ባለው ቡፌ ላይ መሐል ለመሐል ሊያስቀምጡት ሲሞክሩ አንዱ እግር አየር ላይ የሚቀርበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። በእግሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ሱቁ ውስጥ ለማሳያ በቆመው ላይ ይለኩ።

አሁን ወደ ካርቶኑ ጽሑፎች እንምጣ። ፎር ኬ የሚባለው ስክሪን ወደ ጎን 3840፣ ወደ ታች 2160 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ያለው ሲሆን ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ነው። ጤናማ ዓይን የባለ 50 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪንን ፒክስሎች ለይቶ ማየት የሚጀምረው 2 ሜትር ያህል ሲቀርብ ነውና ከእርስዎ ሶፋ ላይ ሆነው ልዩነቱን ለማየት ይቸገራሉ። ከዚህም በላይ በዚህ መጠን የሚሠሩት አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው ፎር ኬ ስለሆኑ ጽሑፉ አንዱን ከሌላው አያስበልጥም። ይሁን እንጂ የፒክስሉን ቁጥር ሳያዩ አይለፉ። ይህን የሚጽፈው ሰው ከዓመታት በፊት ካርቶኑ ላይ «1080» የሚል በትልቁ የተጻፈበት ባለ 32 ኢንች ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ መመሪያውን ሲያነብ የስክሪኑ ትክክለኛ ቁጥር 1366 በ768 ሆኖ አግኝቶታል። «1080» የተባለው ቴሌቪዥኑ ከውጭ ሊቀበለው የሚችለው ምስል ነበር፤ የሚያሳየው ግን አሳንሶ ነው። ጽሑፉ ሐሰት ስላልነበረ ለመመለስም ምክንያት አልተገኘም።

በምስሉ ብሩህና ጨለማ ክፍሎች መካከል ያለውን ልዩነት አስፍቶ የሚያሳየው ኤችዲአርም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። በዚህ መንገድ የሚዘጋጁ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ የሚስተካከሉት 1000 ኒት ብርሃን በሚሰጥ ስክሪን ላይ ነው፤ ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው። የርካሽ ቴሌቪዥኖች ብርሃን በአብዛኛው ከ250 እስከ 350 ኒት ስለማያልፍ ምስሉን ተቀብለው ያሳያሉ እንጂ ለምሳሌ የፀሐይ ነጸብራቅን ከነድምቀቱ ሊሰጡ አይችሉም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከተራው ምስል ይልቅ ጨለም ብሎ ይታያል። ኪው ኤልኢዲ ደግሞ ቀለሙን የሚያደምቅ ልባስ የተጨመረበት ኤልሲዲ ሲሆን ብርሃኑ እንደ ማንኛውም ኤልሲዲ ከጀርባው መብራት የሚመጣ ነው። በአንድ ፊደል ብቻ የሚለየው ኦ ኤልኢዲ ግን እያንዳንዱ ፒክስል በራሱ የሚበራበት ፍጹም ሌላ ሥሪት ነው፤ ሻጩ ሁለቱን እያቀላቀለ ከተናገረ ዝም ብለው አይለፉት።

ታዲያ ስክሪኑን በምን እንመዝነው? አንድ ፍላሽ ያዘጋጁና አራት ነገር ይጫኑበት፦ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ምስል፣ ሙሉ በሙሉ ግራጫ የሆነ ምስል፣ የሰው ፊት በቅርብ የሚታይበት ቪዲዮ እና በሌሊት የተቀረጸ የፊልም ክፍል። ፍላሹን ከመሰካትዎ በፊት ሻጩን በትሕትና አንድ ነገር ይለምኑት። ሱቅ ውስጥ የበሩ ቴሌቪዥኖች ዘወትር ብርሃናቸው እስከ ጥግ ከፍ ብሎ፣ ቀለማቸውም ወደ ሰማያዊ አድልቶ የሚቆዩት ከሩቅ ዓይን እንዲስቡ ነው፤ በሪሞቱ ወደ «ሲኒማ» ወይም «ስታንዳርድ» ወደሚለው ምርጫ ይለውጥልዎ። ሁለት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ሲታዩ ይበልጥ ይመስል የነበረው አንሶ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ጥቁሩን ምስል ሲከፍቱ ጠርዞቹንና ማዕዘኖቹን ይመልከቱ፤ የጀርባው መብራት የሚያፈስ ከሆነ እንደ ጭጋግ ያለ ነጭ ነገር ያያሉ። ግራጫው ላይ በጨርቅ ያልተጠረገ የሚመስል ጥላ ወይም ቀጥ ያሉ መስመሮች ከታዩ ኳስ ጨዋታ ሲያዩ ካሜራው ሜዳውን በተከተለ ቁጥር ያስቸግርዎታል። ከዚያ የሰው ፊት ያለበትን ቪዲዮ ከፍተው ከፊት ለፊቱ ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ይሂዱ። ቀለሙ ወዲያውኑ ከፈዘዘ ስክሪኑ ቪኤ የሚባለው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፤ ይህ ዓይነት ጥቁሩን አጥቁሮ በማሳየት ይበልጣል። ብዙም የማይፈዝዝ ከሆነ አይፒኤስ ሊሆን ይችላል፤ በዚህኛው የሌሊቱ ፊልም ጨለማ ወደ ግራጫ ያደላል። ሁሉም ሰው ፊት ለፊት በሚቀመጥበትና ማታ መብራት ቀንሶ በሚታይበት ቤት የመጀመሪያው፣ ሰው ዙሪያውን በሚቀመጥበት ሳሎን ደግሞ ሁለተኛው ይመረጣል። እርስዎን ወደ ባለ 50 ኢንቹ ያዘነበልንበት ምክንያትም ይኸው ነው፦ ባለ 55 ኢንቹ ያን ሁሉ ጽሑፍ በባለ 50ው ዋጋ የሚሸጠው የሆነ ነገር ቀንሶ ነው፤ የሚቀነሰውም ብዙውን ጊዜ ካርቶኑ ላይ የማይጻፈው የጀርባ መብራቱ ነው። ፍላሹ ከዚህ የተለየ ነገር ካሳየዎት ዓይንዎን ይመኑ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ብገዛ በተመሳሳይ ገንዘብ የተሻለ አገኛለሁ ይሉኛል። አንድ ሰውዬ ፕላዝማ፣ ሌላው ደግሞ ኦ ኤልኢዲ ሊሸጡልኝ ይፈልጋሉ። ብገዛቸው ያዋጣኛል?

መልስ፦ ፕላዝማውን ይተዉት። በዘመኑ ግሩም ምስል ነበረው፤ ነገር ግን ታላላቆቹ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ማምረት ስላቆሙ መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ኤሌክትሪክም ይበላል። ኦ ኤልኢዲው ላይ ግን ሙሉ ቀይና ሙሉ ግራጫ ምስል ከፍተው ማዕዘኖቹንና የታችኛውን ጠርዝ በጥንቃቄ ይዩ። ቀኑን ሙሉ የዜና ጣቢያ ሲያሳይ የኖረ ከሆነ የጣቢያው ዓርማና የታችኛው የጽሑፍ መስመር እንደ ጥላ ታትሞ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ደግሞ አይለቅም።

ተራ ኤልሲዲም በርካሽ ቢያገኙ «ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም» የሚባለውን ዓይነት ቶሎ አይናቁት። ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን ባትሪ ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ያብሩበት፤ ከውስጥ ደብዛዛ ምስል ሲንቀሳቀስ ካዩ የጠፋው የጀርባው መብራት ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ጠጋኝ ሊቀይረው ይችላል። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ግን በነፃም ቢሰጡዎት አይጠቅምዎትም፤ የስክሪኑ መለወጫ ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ብዙም አያንስምና።

ጥያቄ፦ ስማርት ላልሆነው፣ ማለትም በራሱ ከኢንተርኔት ጋር ለማይሠራው፣ ቅናሽ አለው። ልጆቼ ግን ስማርት ካልሆነ አሉ።

መልስ፦ የስክሪኑ ጥራት እኩል ከሆነ ቅናሹን ይውሰዱና ከተረፈው ላይ ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካውን ትንሽ መሣሪያ ይግዙላቸው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የተገጠመው ሶፍትዌር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሻሻያ ማግኘቱን ሲያቆም አንዳንድ መተግበሪያዎች አልከፍት ይላሉ፤ የሚሰካው ሲያረጅ ግን እሱን ብቻ ይለውጣሉ። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹ ከሁለት እንዳያንሱ ብቻ ይጠንቀቁ፤ አንዱን ሪሲቨሩ ይይዘዋል። ወደ ቤት ሲወስዱትም አቁመው ይጫኑት እንጂ አያስተኙት፤ ካርቶኑንም ዋስትናው እስኪያልቅ ድረስ አይጣሉት።