ከፈረምኩ በኋላ ያስተዋልኳት ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ሳምንት አንድ የፒኤችዲ ተማሪ ጻፈልኝ። የሰዎችን የግል መረጃ ሳይገልጡ ስሌት ስለመሥራት ነው የሚያጠናው። አንድ ትልቅ ኩባንያ ለቤተ ሙከራቸው (ለላባቸው) ገንዘብ ሊሰጥ ነው። ውሉ ላይ ግን ማንኛውም ጽሑፍ ከመታተሙ 60 ቀን በፊት ለኩባንያው ይቅረብ ይላል። «ይሄ የተለመደ ነው ወይስ ሊያሳስበኝ ይገባል?» ብሎ ጠየቀኝ። ወዲያው ልመልስለት ተቀምጬ አቃተኝ። ሌሊቱን አንዲት የድሮ ተማሪዬን ሳስብ አደርኩ።

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። ላቤ ገንዘብ አጥሮት ነበር። የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለቴም ተመልሶብኛል። አንዱ ገምጋሚ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ማን ይጠቀምበታል?» ብሎ ጽፎ ነበር። በዚህ መሃል የሰዎችን የስልክ እንቅስቃሴ የሚሰበስብ አንድ ኩባንያ መጣ። የሰዎቹን ስም ሰርዞ ዳታውን ለሌሎች ሊያካፍል አስቧል። አደጋ እንዳለውና እንደሌለው የሚፈትሽለት ይፈልጋል። ገንዘቡ ሁለት ተማሪ ሦስት ዓመት ያስተምርልኛል። ፈረምኩ። የእኔ ውል 90 ቀን ይል ነበር፤ እሱን አይቼዋለሁ። ከሱ ቀጥላ «የንግድ ጥቅምን የሚነካ ከሆነ ጊዜው ሊራዘም ይችላል» የምትለዋን ግን አላስተዋልኳትም።

ሥራውን የሰጠኋት ልጅ ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ዝምተኛ ናት። ሁሉንም ነገር መጀመሪያ በእርሳስ ወረቀት ላይ ትሠራለች፣ ከዚያ ነው ኮምፒውተር የምትከፍተው። አንድ ማታ ቢሮዬን አንኳኳች። ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ አንድ መስመር አሳየችኝ። ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው።

«ይሄ እርስዎ ይመስሉኛል» አለችኝ።

እንዴት አወቅሽ አልኳት። ጠዋት ቢሮ የምገባበትን ሰዓት፣ ማታ የምወጣበትን፣ ለስብሰባ የሄድኩባቸውን ሁለት ከተሞች ይዛ ፈለገች። ላብ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ከነዚህ ጋር የሚገጥም አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ደህና ነዎት?» አለችኝ።

ባለቤቴ ታማ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ዛሬ ነገሩ የታወቀ ነው። በ2013 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ እንቅስቃሴ መርምሮ፣ 95 በመቶውን ለመለየት አራት የቦታና የሰዓት ነጥብ እንደሚበቃ አሳይቷል። ያን ጊዜ ግን ልጅቷ ያገኘችው አዲስ ነበር። ጽሑፉን በአንድ ወር ጨረሰችው። ለኩባንያው ላክነው። 90 ቀን አለፈ። አራዘሙት። ደግመው አራዘሙት። በየሳምንቱ መጥታ «ምን አሉ?» ትለኛለች። እኔም «ትንሽ ታገሺ» እላታለሁ። ከፈለግኩ የዩኒቨርሲቲውን የሕግ ክፍል ማስነሳት እችል ነበር። አላደረግኩም። የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ገና አልገባም ነበርና ፈራሁ። እየጠበቅን ሳለን ሌላ ቡድን ተመሳሳይ ውጤት አሳተመ። እሷ ያን ምዕራፍ ከመመረቂያ ጽሑፏ አወጣችው። ተመርቃ ምርምር የሚባል ነገር ተወች። ስትሰናበተኝ አመስግናኝ ነው የሄደችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የራሴን ሐሙስ አይቻለሁ እኮ። ዳታው ሰውን እንደሚያጋልጥ ከእኔ በላይ ምስክር አልነበረም። እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ሊዮናርድ አድልማን በ1980 ምን እንዳደረገ በኋላ ሳነብ አፈርኩ። አርኤስኤ ከተባለው፣ መልእክትን ሌላ እንዳያነበው ከሚቆልፈው የምስጠራ ዘዴ ፈጣሪዎች አንዱ ነው። ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ፕሮፖዛል አስገባ። የምስጠራውን ክፍል የስለላ ድርጅቱ ኤንኤስኤ በራሱ ገንዘብ ሊደግፈው እንደሚፈልግ ተነገረው። እምቢ አለ። ገንዘብ ጠልቶ አይደለም። የሚከፍለው አካል ነገ ይሄን አታሳትም ቢለው ምን ያደርጋል? ከመፈረሙ በፊት አሰበበት። እኔ ያሰብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ እናንተን ወጣት ተመራማሪዎችን ዳታውን ከያዘው አካል ገንዘብ አትቀበሉ እላለሁ። የሕዝብ ገንዘብ ፈልጉ፤ ትዕግሥት ያለው እሱ ነው። ለምሳሌ የተመሰጠረን መረጃ ሳይፈቱ የማስላት ሐሳብ የቀረበው በ1978 ነው። ማንኛውንም ስሌት የሚሠራ ዘዴ የተገኘው ክሬግ ጄንትሪ በ2009 በስታንፎርድ ባቀረበው የፒኤችዲ ሥራ ነው። 31 ዓመት! ከዚያም ቢሆን በ2011 ሲሞክሩት፣ ስሌት ሲበዛበት እንዳይበላሽ የተመሰጠረውን መረጃ አንድ ጊዜ ለማደስ ብቻ በትልቁ የሙከራ ቅንብር 30 ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። የትኛው ኩባንያ ነው በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እየጠየቀ ይህን የሚጠብቅ? የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓ ገንዘብ አፈሰሰበት፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተረባረቡበት፤ ዛሬ ያ እርምጃ ከሰከንድ በታች የሚያልቅበት ጊዜ አለ።

ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው ግን ከልክ ያለፍኩ መሰለኝ። በጥር 2008 የዴንማርክ ገበሬዎች የስኳር ቀይ ሥር ኮንትራታቸውን በጨረታ ሲለዋወጡ፣ ያቀረቡት ዋጋ ለማንም ሳይገለጥ በሦስት ሰርቨሮች ተሰላ። ወደ 1,200 ሰው ተሳተፈ። አንዱን ሰርቨር የያዘው ቀይ ሥሩን የሚገዛው ኩባንያ ራሱ ነበር። እሱ ባይገባበት ያ ሥራ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። እኔም ያ ገንዘብ ባይመጣ ሁለቱን ተማሪዎች አሰናብቼ ነበር። ስለዚህ ተቀበሉ። ስትቀበሉ ግን ማን «አይታተምም» ማለት እንደሚችል አውቃችሁ ይሁን።

ፕሮፖዛል እንዴት ይጻፋል፣ በጀት እንዴት ይሠራል የሚለውን ለሌሎች ትቼዋለሁ። የምታዘብባችሁ አንድ ነገር አለ። አሁን ሁላችሁም ገንዘብ ወዳለበት ርዕስ ትሮጣላችሁ። አንዱ ርዕስ ሞቅ ሲል ያን ዓመት የሚገባው ፕሮፖዛል ሁሉ ስሙን ለብሶ ይመጣል። በሌላ በኩል ስለ ገንዘብ በግልጽ ትጠይቃላችሁ። በእኛ ጊዜ ይሄ ነውር ነበር። አማካሪውን «ውሉን ላንብበው?» ያለ አንድም ሰው አላስታውስም። ያቺ ልጅም አልጠየቀችኝም። እኔም አላሳየኋትም።

ለጻፈልኝ ተማሪ የመለስኩለት ይህን ነው። 60 ቀኑ አያስፈራም፤ የፈጠራ መብት ለማስመዝገብ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ያስኬዳል። ምክንያታቸውን በጽሑፍ ይስጡ፤ ምስጢራዊ ዳታ ካለበት የሚነሳውን መስመር ለይተው ይናገሩ። ቀኑ ሲያልፍ መልስ ካልሰጡ እንደተስማሙ ይቆጠር የሚል ይግባበት። «ሊራዘም ይችላል» የሚል ካለ ይሰረዝ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ይሁን። ውሉ ሐሙስ ይፈረማል ብለኸኛል። እስከዚያ ሦስት ቀን አለ፤ ነገ ጠዋት ወደ ሕግ ክፍሉ ሂድ፣ አማካሪህንም ይዘሃቸው ግባ።