የድሮውን ጭራቅ ልዋስ ወይስ አዲስ ልፍጠር?

ውድ እህቴ ከፍኖተ ሰላም፣ የሳይንስ ልብወለድ ድራማ ጸሐፊ መሆን እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። ለናሙና በምታዘጋጂው ስክሪፕት ሰው የሚያውቃቸውን የእንግሊዙን የቴሌቪዥን ድራማ የ“ዶክተር ሁ”ን ዳሌኮች (በብረት ጋሻ ውስጥ የሚኖሩ ጭራቆች) ላስገባ ወይስ የራሴን ጭራቅ ልፍጠር ብለሽ ጠይቀሽኛል።

የራስሽን ፍጠሪ።

“ዶክተር ሁ” በቢቢሲ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ነው። ዳሌኮች በወሩ ገደማ መጡ። የፈጠራቸው ደራሲው ቴሪ ኔሽን፣ መልካቸውን የነደፈው ሬይመንድ ኩሲክ ነው። ኔሽን መብቱን ከቢቢሲ ጋር ተጋራ። ኩሲክ ግን የቢቢሲ ደሞዝተኛ ስለነበር መብት አላገኘም። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። ድራማው በ2005 ሲመለስ ቢቢሲ ራሱ ዳሌኮችን ለመጠቀም ከኔሽን ወራሾች ወኪል ጋር መደራደር ነበረበት። በሰው ጭራቅ የተሠራ ስክሪፕት ችሎታሽን ያሳይ ይሆናል፤ ልትሸጪው ግን አትችይም።

ከድሮዎቹ መማርሽን ግን አትተዪ። በ2005 የተመለሰው ዳሌክ አንድ ብቻ ነበር፣ ያውም በሰንሰለት የታሰረ። ፍጡሩ የታወቀ፣ ሁኔታው ግን አዲስ ነው። ተመልካች ፈርቶትም አዘነለት። በ2007 ደግሞ ከድራማው ደራሲዎች አንዱ ስቲቨን ሞፋት የድንጋይ መላእክትን አመጣ። ካላየሻቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ዓይንሽን ከጨፈንሽ አለቀልሽ። ሕጉ ይህችው ናት፣ ሕፃን ልጅም ይገባዋል።

አንቺ የቅኔ አገር ልጅ ነሽ። ዋሸራ ቅኔ ቤት ያለ ተማሪ ጉባኤ ቃና የተባለውን ቅኔ ሲቆጥር ልኩ ከጥንት የመጣ ሁለት ቤት ነው፤ የሰው ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ ግን ነውር ነው። ጭራቅም እንዲሁ ነው።

አንድ ሕግ ያለው ፍጡር አስቢ። ለምሳሌ አባይ በረሃ ውስጥ በእናትሽ ድምፅ ስምሽን የሚጠራ፣ ሁለት ጊዜ መጥራት ግን የማይችል። ከዚያ በኋላ በመንደሩ ማን በመጀመሪያው ጥሪ “አቤት” ይላል? ቡዳን ግን ተዪው። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ወገኖቻችንን ብዙ አቁስሏል።

ሥራ ስታገኚ ውሉን አንብቢ። በእኛም የቅጂ መብት አዋጅ (ቁጥር 410/1996) ለቅጥር ሥራ የተፈጠረ ነገር ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። ስለዚህ ከመቀጠርሽ በፊት የፈጠርሻቸውን ፍጡሮች ስም ዘርዝረሽ፣ የአንቺ መሆናቸው ውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠይቂ። ለአሁኑ አስር ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አነባለሁ።