የአፋሩ መንቀጥቀጥና የባሕር ዳር ቤቶች፦ ጥያቄና መልስ

በየካቲት 2017 ዓ.ም. በአፋርና በኦሮሚያ ወሰን ባለው የፈንታሌ ተራራ አካባቢ መጠኑ 6 የደረሰ መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። ከባሕር ዳር ለተነሡ ጥያቄዎች አንድ የሕንፃ መሐንዲስ የሰጠው መልስ ይኸው።

ጥያቄ፦ የፈንታሌ መንቀጥቀጥ እዚህ ይሰማል? አምስተኛ ፎቅ ያለው ተሰማኝ፣ ምድር ቤት ያለው አልተሰማኝም ቢሉ ማን ልክ ነው?
መልስ፦ ሁለቱም። በቀጥታ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይደክማል፣ ዝግ ያለው ይተርፋል፤ እሱ ደግሞ ረጅም ሕንፃን ነው የሚያወዛውዘው።

ጥያቄ፦ ጣና ሱናሚ ያመጣብን ይሆን?
መልስ፦ ሱናሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የባሕር ወለል በድንገት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ብዙ ውኃ ሲገፋ ነው። የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ቢበዛ እንደተነካ ሳፋ ይዋዥቃል። ይልቅ ጣራችሁ ላይ ያለውን ሮቶ እዩ። 2,000 ሊትር ውኃ ሁለት ቶን ነው! የቆመበትን ብረት በሰያፍ እሰሩት፣ ከሶሌታው (ከጣራው አርማታ) ጋርም በቦልት አጥብቁት።

ጥያቄ፦ ግድግዳዬ ተሰንጥቋል፤ መንቀጥቀጡ ነው?
መልስ፦ መጀመሪያ ዋልካውን ጠርጥር፣ ወንድሜ። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ስንጥቁ ላይ የጣት ወርድ ያህል ጂሶ ለጥፍና ቀኑን ጻፍበት። ወቅት ሲለወጥ ጂሶው ከተሰነጠቀ አፈሩ እየሠራ ነው። ብሎኬቱ ከኮለኑ (ከአርማታው ምሰሶ) ጋር በሚገናኝበት ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስን ነገር ነው። ኮለኑ ራሱ ከቢሙ (በምሰሶዎቹ ላይ ከተጋደመው አርማታ) ሥር በሰያፍ ከተሰነጠቀ ወይም ፌሮው ከታየ ግን ቤቱን ልቀቅና ባለሙያ ጥራ።

ጥያቄ፦ አዲስ ቤት እየሠራን ነው። አርማታ ከመሙላታችን በፊት ምን ልይ?
መልስ፦ ስታፋውን፣ እህቴ፤ የኮለኑን ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያስረውን ቀጭን ብረት። ቋሚው ፌሮ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከኮለኑ ላይና ታች ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ድረስ በስታፋዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ12 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። የስታፋው ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ አርማታው ሲረግፍ ይከፈታል፣ ፌሮውም ይጎብጣል። 135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ስታፋ ቀሪው ጫፍ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ግንበኛው «ይበቃል» ካለሽ ሜትር አውጥተሽ ለኪ።

ጥያቄ፦ ቀጣዩ መቼ ነው?
መልስ፦ ቀኑንና ሰዓቱን የሚናገር መሣሪያ የለም። «ነገ ማታ» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ አጥፉት።

ጥያቄ፦ ሲጀምር ልሩጥ?
መልስ፦ ፎቅ ላይ ከሆንክ አትሩጥ። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግባ፣ እግሩን ያዝ፣ ከመስታወት ራቅ። ሲቆም ቡታ ጋዙን ዝጋና በደረጃ ውረድ፤ ሊፍት አትንካ።