«ለ17 ይካፈላል» ወይስ «በ17 ይካፈላል»?

ጥያቄ፦ ስለ 510,510 ባሕርያት አጭር ጽሑፍ ሳዘጋጅ «ይህ ቁጥር በ17 ይካፈላል» ብዬ ጻፍኩ። አራሚው «ለ17» ብለው ቀየሩት። የትኛው ነው ትክክል? «አካፋይ» እና «ተካፋይ»ም ይምታቱብኛል።

መልስ፦ እርማቱ ትክክል ነው፤ «ለ17 ይካፈላል» ይበሉ።

«ግንዱን በመጋዝ ለሁለት ከፈለው» የሚለውን ይመልከቱ። «በ» መሣሪያውን፣ «ለ» ደግሞ የሚገኙትን ክፍሎች ብዛት ያመለክታል። 17 መጋዝ አይደለም፤ ቁጥሩ የሚደለደልባቸው እኩል ክፍሎች ብዛት ነው። «በ»ን የያዘው ማባዛት ነው፦ 30 በ17 ሲባዛ 510 ይሆናል፤ 510 ለ17 ሲካፈል 30 ይደርሳል። ይህን ልዩነት ለመጠበቅ የምሟገተው ለልማድ ስል ብቻ አይደለም። አማርኛ ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ «510ን ለ17...» ሲባል ሰሚው ግሱን ሳይጠብቅ ማካፈል መሆኑን ያውቃል። «በ»ን ለሁለቱም ካዋልነው ይህን ምልክት እናጣለን።

«አካፋይ» 17 ነው፤ «ተካፋይ» 510,510 ነው። «አሸናፊ» እና «ተሸናፊ» የሚሉትን ካስታወሱ አይሳሳቱም፤ በ«አ» የሚጀምረው አድራጊው፣ በ«ተ» የሚጀምረው ድርጊቱ የሚደርስበት ነው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዕለት ተዕለት ንግግር ይመስለኛል። «የደስታችን ተካፋይ» ስንል ድርሻ የሚወስደውን ሰው ማለታችን ነው፤ በሒሳብ ግን ተካፋዩ ራሱ የሚከፋፈለው ቁጥር ነው።

«ይካፈላል» ሲሉም ያለቀሪ ማለትዎ ከሆነ አንድ ጊዜ በግልጽ ይጻፉት። 510,510 ለ19ም ሊካፈል ይችላል፤ ነገር ግን 18 ይቀራል።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁጥሩ ያጓጓል። በፊደል ጽፈው ጮክ ብለው ያንብቡት፦ አምስት መቶ አሥር ሺህ አምስት መቶ አሥር። «አምስት መቶ አሥር» ሁለት ጊዜ ተሰማ፤ አንዱ ከሺህ ጋር፣ አንዱ ብቻውን። እንግዲህ ቁጥሩ 510 በ1,001 ሲባዛ የሚገኘው ነው። 1,001 የ7፣ የ11 እና የ13 ብዜት ነው፤ 510 ደግሞ የ2፣ የ3፣ የ5 እና የ17። እነዚህ ሰባቱ የመጀመሪያዎቹ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ገብተዋል። ሰባት የተለያዩ ብቸኛ አካፋዮች ካሏቸው ቁጥሮች ሁሉ ትንሹ ይኸው 510,510 ነው፤ አካፋዮቹ በጠቅላላው 128 ይሆናሉ።

በግዕዝ አሃዝ ሲጻፍ ግን ፶፩፼፭፻፲ ይሆናል። የግዕዝ አሃዝ የሚሰበስበው በመቶና በእልፍ፣ ማለትም በ10,000 እንጂ በሺህ ስላልሆነ፣ 51 እልፍ እና 510 ሆኖ ይቀመጣል፤ ጆሯችን የሰማው ድግግሞሽም ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ በጽሑፍዎ ውስጥ ቁጥሩን ቢያንስ አንድ ጊዜ በፊደል ዘርዝረው ይጻፉት፤ ስለ 1,001 የሚሰጡት ማብራሪያም ከዚያው ቢቀጥል ይሻላል።