ልጄ በር ዘግታ ከቴራፒስት ጋር ታወራለች

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ17 ዓመት ልጄ ከኮቪድ ወዲህ ከቴራፒስት ጋር የምትገናኘው በቪዲዮ ነው፤ በሯን ዘግታ። እውነት ይሄ ሕክምና ነው? ምን እንዳወሩም አትነግረኝም።

መልስ፦ ሕክምና ነው፣ እህቴ። በ2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ወጣት ከአማካሪው ተቆራረጠ። ያን ዓመት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር፣ አሜሪካ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ከመጡ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች መካከል በአእምሮ ጤና ምክንያት የመጡት ድርሻ ከ2019ኙ በ31 በመቶ በለጠ። በቪዲዮ መታከም የዚያን ጊዜ ተስፋፋ፤ ከዚያም ወዲህ ቀጠለ። እኔ ነርስ ነኝ፣ በአካል መገናኘት ይሻለኛል። ግን መኪና ለማትነዳ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሩን ትዝጋ። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ኢርፎን ይግዙላት፤ ሲጨርሱ «ምን አልሽው?» አይበሏት። ራሷን ስለመጉዳት ካነሳች ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ 988፣ ወደ አሜሪካ የአእምሮ ጤና ቀውስ የእርዳታ መስመር፣ ይደውሉ።