መልስ፦ «ስቲቭ»ን ልየው ወይስ ልተወው?

እህቴ፣ «‹ስቲቭ› ያው የተለመደው የጀግና አስተማሪ ፊልም ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም፤ እይው።

ታሪኩ በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ አልሆን ያላቸው ወንዶች ልጆች የሚኖሩበት ትምህርት ቤት ነው። ፊልሙ በአመዛኙ የአንድ ቀን ውሎ ነው። የቴሌቪዥን ቀረጻ ባለሙያዎች ግቢውን ሞልተውታል፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ እንደሆነም በዚያው ቀን ይሰማል። ርእሰ መምህሩን ስቲቭን የሚጫወተው ኪሊያን መርፊ ነው። ሲገላግል፣ ሲያባብል፣ ሲለምን ይውላል። ራሱ ግን በመጠጥና በመድኃኒት ነው ቆሞ የሚሄደው።

እኔን የነካኝ እዚህ ላይ ነው። አስተማሪዎቹ ልጆቹን ከልባቸው ይወዳሉ፣ ግን አቅማቸው አልቋል። ፊልሙ ጥፋቱን እነሱ ላይ አይጭንም። ጫናው ሁሉ እነሱ ላይ ወድቆ አጋዥ እንዳጡ ያሳያል። በኮሜዲ የምናውቃትን ትሬሲ ኡልማንን ደግሞ ልብ ብለሽ እያት፤ ድካሙ ፊቷ ላይ ይነበባል።

ጄይ ላይኩርጎ የሚጫወተው ልጅ ከእናቱ ጋር በስልክ የሚያወራበት ቦታ አለ። እሱን አልነግርሽም፣ ራስሽ እይው። ፊልሙ ስድብ ይበዛዋል፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብም አለበት፤ ከልጆች ጋር አትክፈቺው። ኔትፍሊክስ ላይ ታገኚዋለሽ።