ቱቦው ረዝሟል፣ ስሌቱ ግን ልክ ነው

«ለኤፍኤም ሬዲዮ ባለሁለት ክንድ አንቴና ከአሉሚኒየም ቱቦ ሠራሁ። ጣቢያው 98 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። የሞገዱ ርዝመት 3.06 ሜትር ወጣልኝ። ግማሹን ይዤ ሁለት ባለ 1.53 ሜትር ቱቦ ቆረጥኩ። ሬዲዮው ግን ሽሽሽ ይላል። ኬብሉን ሰው ጠምዝዞ በናስትሮ ቀጥሎልኛል፣ ችግሩ እሱ ይሆን?»

ኬብሉም የራሱ ጣጣ አለው። ዋናው ጥርጣሬዬ ግን ቱቦው ላይ ነው። 300ን ለ98 ማካፈልህ ልክ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300 ሚሊዮን ሜትር ስለሚጓዝ፣ ሚሊዮኑ ከሜጋው ጋር ይጣፋል (ሜጋ ማለት ሚሊዮን ነው)። 1.53 ግን የሁለቱ ክንዶች ድምር ነው እንጂ የአንዱ አይደለም። አንቴናህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ሞገድ ሆኗል።

ልጆች የሚዘሉበትን ገመድ አስብ። ጫፎቹ እጅ ውስጥ ናቸው፤ የሚወዛወዘው መሃሉ ነው። ግማሽ ሞገድ አንቴና ላይ ከረንቱም እንዲሁ ነው፤ ጫፍ ላይ መሄጃ ስለሌለው ዜሮ ይሆናል፣ መሃል ላይ ከሁሉም ይበዛል። ኬብሉም የሚገጠመው እዚያው ነው። አንቴናው እዚያ ለከረንቱ ያለው ተቃውሞ 73 ኦም ገደማ ስለሆነ ከባለ 75 ኦም ኬብል ጋር ይግባባል። ሙሉ ሞገድ ሲሆን ግን ገመዱ ሁለት ሆድ ያወጣና መሃሉ ቀጥ ይላል። ከረንቱ በየክንዱ መሃል ይሞላል፣ ኬብሉ ጋ ይነጥፋል። ተቃውሞው ከኬብሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንቴናው ሞገዱን ይይዛል፣ ለኬብሉ ግን በደንብ አያስረክብም።

ስለዚህ አውርደህ ቁረጠው። ስታወርድም ሆነ ስትሰቅል የመብራት ሽቦ በቅርብ እንዳይኖር። ምሰሶው በየትኛውም በኩል ቢወድቅ መድረስ የለበትም። የሞገዱ ሩብ 76.5 ሴንቲሜትር ነው። ብረት ላይ ትንሽ ስለሚያጥር 5 በመቶ ያህል ቀንስ፤ እያንዳንዱ ክንድ 73 ሴንቲሜትር ይሁን። ሁለቱ ቱቦዎች መሃል ላይ እንዳይነካኩ።

ወደ ኬብሉ ስንመጣ፣ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም። ውሃ ይገባበታል፣ የመሃሉን ሽቦ የሚከበው የሽቦ መረብ ይዝጋል። ቅጥያውን ቆርጠህ ጣለውና በኮኔክተር አገናኘው። ርካሹን ኬብል ደግሞ ተወው፤ መረቡ ከመሳሳቱ የተነሳ ክሩን መቁጠር ትችላለህ። ከመስቀልህ በፊት ኬብሉን ከሬዲዮው ንቀልና የመሃሉን ሽቦ ከመረቡ ጋር በመልቲሜትር የድምፅ መፈተሻ ለካ። ከጮኸ ተነካክቷል።

አግድም ከሰቀልከው ጫፉን ሳይሆን ጎኑን ወደ ጣቢያው አዙር። ደግሜ ልንገርህ፦ የመብራት ሽቦ ካለበት አካባቢ ራቅ። ሰማዩ ከደመነም አትውጣ።